ትልቁ ደንበኛ ሲሄድ

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል]

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ አነስተኛ ድርጅት ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ሁሉ በልቡ የሚፈራው፣ በአፉ ግን ብዙም የማያነሳው ነው። የወሩን ኪራይና ደመወዝ ሲሸፍንላችሁ የኖረው ትልቁ ደንበኛ አንድ ቀን ደውሎ «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንወስድም» ቢልስ? ምን ይደረጋል? ከየትስ ይጀመራል?

ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ቶሎ ሌላ ፈልግ!» ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ትልቁ ደንበኛ ሲሄድ ድርጅትን የሚጥለው የሽያጩ መቅረት ብቻ አይደለም። በደንበኛው ልክ የተሰፋው ወጪ ደንበኛው ከሄደም በኋላ እንዳለ መቀጠሉ ነው የሚጥለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ድርጅቱን ወደ አዲሱ ልኩ ማምጣት ነው፤ ፍለጋው ከዚያ ይከተላል። ይህን ሐሳብ ያዙልኝ፣ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

[የድምፅ ማጀቢያ፦ ሊጥ ምጣድ ላይ ሲዞር፣ አክንባሎ ሲከደን]

በምናብ የተፈጠረች፣ ግን በየከተማችን ብዙ መሰል ያላት አንዲት እንጀራ አከፋፋይ እናስብ። ቤት ተከራይታ፣ ምጣዶቿን ደርድራ፣ አምስት ሴቶች ቀጥራ ትጋግራለች። ጤፉን ከእህል ነጋዴ በዱቤ ትወስዳለች። ከየአሥሩ እንጀራ ስድስቱ የሚሄደው ወደ አንድ ሆቴል ነው፤ አራቱን የሰፈር ሱቆችና ጥቂት ምግብ ቤቶች ይወስዱታል። ሱቆቹ ዕለቱን ይከፍላሉ። ሆቴሉ ግን እንጀራውን ከተረከበ ከ45 ቀን በኋላ ነው የሚከፍለው። እንግዲህ አንድ ማለዳ የሆቴሉ ግዢ ክፍል ደወለና «እኛው መጋገር ልንጀምር ነው፣ እናመሰግናለን» አላት።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በዚያው ሳምንት ከመሳቢያዋ ስንት ብር ይጎድላል?

[አጭር ዝምታ]

ምንም አይጎድልም። እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። እንዴት ብትሉ፣ ሆቴሉ የ45 ቀን እንጀራ ዕዳ አለበት። ያ ገንዘብ እንደ ወትሮው በየተራው እየገባ ይቆያል። በሌላ በኩል የምትገዛው ጤፍ ከግማሽ በታች ወርዷል፣ የመብራት ፍጆታዋም ቀንሷል። ለእህል ነጋዴው የቆየ ዱቤዋን ከፍላ እንኳ በመጀመሪያው ወር እጇ ላይ ያለው ጥሬ ብር ከወትሮው ሊበልጥ ይችላል። «ያን ያህልም አልተጎዳሁም፣ እግዜር ይመስገን» ትላለች። ሠራተኞቹ ባሉበት ናቸው፣ ኪራዩ ይከፈላል፣ እቁቡም አልተቋረጠም። ከዚያ 46ኛው ቀን ይመጣል። ከሆቴሉ የሚገባ ብር የለም። ከአሥር አራቱ ብቻ ቀርቷል፤ ኪራዩና ደመወዙ ግን አሁንም የአሥሩ ነው።

አድማጮቼ፣ በዚህ ነጥብ ላይ ረጋ ብዬ የቆየሁት ብዙ ድርጅቶች የሚሳሳቱት እዚህ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ወር ያታልላል። ከሄደው ደንበኛ የሚገባው የመጨረሻ ገንዘብ የገቢ መልክ አለው፤ በተግባር ግን የመሸጋገሪያ ስንቅ ነው። የድሮውን ቅርጽ ለአንድ ወር ተኩል ለማቆየት ከዋለ ድርጅቱ 46ኛው ቀን ላይ ባዶ እጁን ይደርሳል። አዲሱን ቅርጽ ለመሥራት ከዋለ ግን ያው ገንዘብ ለብዙ ወራት ይበቃል። በብሩ መጠን ልዩነት የለም፤ ልዩነቱ ውሳኔው በመጀመሪያው ቀን ወይም በ46ኛው ቀን መወሰኑ ላይ ነው።

[ለስለስ ያለ የክራር ድምፅ፤ ለአፍታ]

ታዲያ ይህ «ቅርጽ» የምለው ነገር ምንድን ነው? የድርጅታችሁን ወጪ በሁለት ጎራ ክፈሉት። አንደኛው ጎራ ከእንጀራው ጋር የሚሄድ ነው፦ ጤፍ፣ መብራት፣ ማጓጓዣ። እንጀራው ሲቀንስ ይህ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል፤ አስታዋሽ አይፈልግም። ሁለተኛው ጎራ እንጀራ ተጋገረም አልተጋገረም የወሩን ቀን ጠብቆ የሚመጣ ነው፦ የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ የብድር ክፍያ፣ እቁብ። ትልቁ ደንበኛ ሲመጣ ያደገው ይህ ሁለተኛው ጎራ ነው። ሰፊው ቤት የተከራየው ለእርሱ ነው፣ አራተኛዋና አምስተኛዋ ሠራተኛ የተቀጠሩት ለእርሱ ነው፣ ትልቁ እቁብ የተገባው እርሱን ተማምኖ ነው። ደንበኛው እነዚህን ይዞ አይሄድም። ትቷቸው ይሄዳል።

የዚህ ነገር ትልቁ ማሳያ በአገራችን ውስጥ ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሆነውን አስታውሱ። ጥቅምት 23 ቀን የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል እንደሚያስወጣ አስታወቀ፤ ውሳኔው ታኅሣሥ 23 ቀን ተግባራዊ ሆነ። በመካከሉ የነበረው ጊዜ ሁለት ወር ነው። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ልብሶች ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. ደግሞ በኅዳር ወር በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ተናገረ። በፓርኩ ውስጥ የተተከለው መኪና፣ የተሰጠው ሥልጠና፣ የተቀጠረው የሰው ኃይል በአብዛኛው በዚያ በአንድ ገበያ ልክ የተቆረጠ ነበር። ገበያው ሲዘጋ ሼዱና መኪናው ባሉበት ቀሩ። ሠራተኛ ሲቀነስ ደግሞ ጉዳቱ በፓርኩ አጥር አይቆምም። ለሠራተኛ ክፍል የሚያከራየው ሰው፣ ምሳ የምትሸጠው እናት፣ የባጃጅ ሾፌሩ የአሜሪካን ገበያ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ የኑሯቸው ልክ ግን በእርሱ ተሰፍቷል። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የእኔ ሥራ የተሰፋው በማን ልክ ነው? የቅርብ ደንበኛዬን አውቃለሁ፤ ከእርሱ ጀርባ ያለውንስ?

«አስቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ እዘጋጅ ነበር» የሚል ይኖራል። ማስጠንቀቂያ በእርግጥ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያድንም። በእንግሊዝ አገር ኢማጂኔሽን ቴክኖሎጂስ የሚባል፣ ስልክ ላይ ምስል እንዲታይ የሚያደርገውን የቺፕ ንድፍ የሚሠራ ድርጅት አለ። ከገቢው ግማሽ ያህሉ ከአፕል የሚመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አፕል ከ15 ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ንድፉን መጠቀም እንደሚያቆም አስታወቀው። ረጅም ማስጠንቀቂያ ነው። ሆኖም ዜናው በወጣበት ቀን የአክሲዮኑ ዋጋ ከግማሽ በላይ ወደቀ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ድርጅቱ ለሌላ ባለሀብት ተሸጠ። ዓለም አቀፍ ኩባንያ፣ ጠበቃና ሂሳብ አዋቂ እያለው፣ በአንድ ደንበኛ ላይ መቆሙ ያስከፈለው ይህን ነው። ስለዚህ ደንበኛ የሄደባችሁ አድማጮቼ፣ ይህ የሚደርሰው በሰነፍ ወይም ባልተማረ ሰው ላይ ብቻ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ]

እየሰማችሁ ያላችሁት ሳምንታዊ ዝግጅታችንን ነው። የዛሬው ጉዳያችን ትልቁ ደንበኛ ሲሄድ የሚል ነው። እስካሁን ያልነውን ላስታውሳችሁ፦ ድርጅትን የሚጥለው በሄደው ደንበኛ ልክ የቀረው ወጪ ነው፤ የመጨረሻው ክፍያም ስንቅ ነው።

እንግዲህ ስንቁ በእጅ መግባት አለበት። ደንበኛው «በቃኝ» ባለ ጊዜ ንዴት ይመጣል፤ ሰው ነንና አይፈረድም። ነገር ግን በዚያ ንዴት የሚነገር አንድ ክፉ ቃል ያልተከፈለውን ሂሳብ ወራት ሊያጓትተው ይችላል። መጀመሪያ ርክክብ የተደረገበትን ሰነድ ሁሉ አሰባስቡ፣ ቀሪውን ሂሳብ በደብዳቤ አሳውቁ፣ የክፍያ ቀን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቀጥሎ ደግሞ ብዙዎች የሚረሱትን ጠይቁ፦ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ። ጨረታ ተወዳድሮ የሚያውቅ ሰው የዚህን ወረቀት ዋጋ ያውቀዋል። ደንበኛው በሄደበት ሳምንት ስትጠይቁት ያመሰግናችኋል፣ ይጽፍላችኋል። ከስድስት ወር በኋላ ግን የሚያውቃችሁ የግዢ ኃላፊ እዚያ ላይኖር ይችላል። ያ የግዢ ኃላፊ ራሱ ደግሞ ነገ ሌላ ሆቴል ይቀጠራል፤ እዚያም እንጀራ ይበላል።

በዚሁ ስንብት ላይ መነሳት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ለምን ሄዱ? በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኘችና ግዢዋ በእጅጉ ወረደ። ጃፓን በዚያን ጊዜ ከቡናችን ትልልቅ ገዢዎች አንዷ ነበረች። መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ገበሬው ምን ረጨ?» የሚለው ነው። ብዙ የተጠረጠረው ግን ቡናው የተያዘበት ጆንያ ነበር። ልብ በሉ፤ ገዢው የሸሸው የቡናውን ጣዕም ጠልቶ አይደለም። ምክንያቱን ሳይመረምር ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴ ቢኖር በተበከለው ጆንያ ርካሽ ቡና ይልክ ነበር፤ ችግሩም አብሮት ይጓዝ ነበር። ጃፓን ዛሬም ቡናችንን ትገዛለች። የእኛም አከፋፋይ ሆቴሉ የሄደው በእርግጥ ራሱ ሊጋግር ነው ወይስ እንጀራው ጠዋት እየዘገየ አስቸግሮት? መልሱ የሚያም ቢሆንም ዋጋ አለው፤ ቀሪዎቹም ደንበኞች በዚያው ምክንያት እንዳይከተሉ ይጠብቃልና።

[የምጣድ ድምፅ በስሱ፤ ይጠፋል]

አሁን ከሁሉም የሚከብደው ላይ ደርሰናል። ሠራተኞቹስ?

«አብረውኝ የለፉትን ሴቶች እንዴት በትኜ እተኛለሁ? ወጪ መቀነስ እያልክ ጭካኔ ነው የምታስተምረን» የሚለኝ አድማጭ እንዳለ ይሰማኛል። ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው፣ ክብርም ይገባዋል። መልሴ ግን ይህ ነው፦ ሁለት ሠራተኛ በሕጉ መሠረት፣ በማስጠንቀቂያና በካሳ ከመሰናበታቸው ይልቅ አምስቱም በ46ኛው ቀን ያለ ደመወዝ መበተናቸው የበለጠ ጭካኔ ነው። ውሳኔ ያዘገየ አሠሪ ደግ ይመስላል፤ የሚጎዱት ግን ሠራተኞቹ ናቸው፤ የሚከፈላቸው ገንዘብ በዝምታው ወቅት አልቋልና።

በመካከል ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት መንገድ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውልን ለጊዜው ስለማገድ ይደነግጋል። በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቋረጥ ከሆነ፣ አሠሪው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያ አካል ምክንያቱን መርምሮ ይወስናል፤ እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም። በእገዳው ጊዜ ደመወዝ አይከፈልም፣ ሠራተኛዋም አልተባረረችም፤ ውሏ ይጠብቃታል። መቀነስ የግድ ከሆነ ደግሞ በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት ሰው የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነው፣ የሥራ ስንብት ክፍያም አለ። ሁለት ወር! ከሆቴሉ የመጨረሻ ክፍያ 45 ቀን ይረዝማል። ውሳኔው ከመጀመሪያው ሳምንት አይለፍ የምለው ስለዚህ ነው። ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ካለው ቢሮ አረጋግጡ፤ ከሁሉ በፊት ግን ለሠራተኞቻችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው። ሆቴሉ ጋ እንጀራ ስታደርስ የኖረችው ልጅ እኮ ከእናንተ በፊት ሰምታ ይሆናል። ግማሽ ቀን እየተፈራረቁ እንሥራ የሚል ሐሳብ ከራሳቸው ሊመጣም ይችላል።

የብድር ተቋሙንና የእህል ነጋዴውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ክፍያ ከማለፉ በፊት የመጣ ሰው ይደመጣል፤ ካለፈ በኋላ የመጣ ሰው ይጠረጠራል። የእቁብ ዳኛም ጭንቅ የገጠመውን አባል ችግር ሰምቶ ዕጣ ማስቀደሙ የቆየ ባህላችን ነው። ማፈር ይኖራል፤ ግን ከስም መጥፋት ማፈር ይሻላል።

[ሙዚቃ፤ ትንሽ ነቃ ያለ]

እንግዲህ ወደ ፍለጋው እንምጣ። ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ ፍለጋው ሌላ መልክ ይይዛል። አከፋፋያችን አሁን የምትፈልገው ስድስት እንጀራ የሚወስድ አንድ ሰው ነው ወይስ አንድ አንድ የሚወስዱ ስድስት ሰዎች?

«ትንንሽ ደንበኛ አድካሚ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ስድስት በር ማንኳኳት፣ ስድስት ቦታ ማድረስ፣ ስድስት ዓይነት አመል መቻል። ነገር ግን ሂሳቡን ከሌላ ወገን እዩት። ሆቴሉ በ45 ቀን ሲከፍል፣ አከፋፋይዋ በተግባር ያለ ወለድ አበዳሪው ነበረች፤ ለዚያውም ጤፉን ራሷ በዱቤ ወስዳ። ሱቁ ግን ዕለቱን ይከፍላል፣ ዛሬ የተገኘው ብር ነገ ጤፍ ይሆናል። በብዛት ስለሚወስድ የሚጠየቀው ቅናሽም የለም። በየበሩ የሚመጣውን ድካም እነዚህ ሁለቱ በብዙ ይክሱታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ድርጅትንም አንድ ሰው ሲሸከመው እርሱ የደከመ ቀን ይወድቃል።

«እስኪያልፍ ድረስ ዋጋ ሰብሬ ልሽጥ፣ ከምንም ይሻላል» የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከጤፉና ከመብራቱ ዋጋ በታች የሚሸጥ እንጀራ በበዛ ቁጥር ኪሳራውም ይበዛል። ገዢ ደግሞ የሰማውን ዝቅተኛ ዋጋ አይረሳም፤ የጭንቅ ጊዜው ዋጋ የዘወትር ዋጋ ይሆናል። ለወጉ ቅናሽ ካስፈለገ ለዕለት ከፋይ ይሁን፤ ያኔ ቢያንስ ጥሬ ብር ተገዝቶበታል።

«ትልቅ ደንበኛ ባይኖር መቼ አድግ ነበር?» የሚለው የመጨረሻው ተቃውሞ ነው፤ ይህንንም ከልቤ እቀበለዋለሁ። ምጣዶቹ የተገዙት በሆቴሉ ገንዘብ ነው፣ ንጽሕናና ሰዓት ማክበር የተለመደው በእርሱ ጥብቅነት ነው። ትልቅ ደንበኛ አይያዝ አልልም። የምለው ልክ ይኑረው ነው። ልኩ ስንት ነው ለሚለኝ፣ ለሁሉም የሚሠራ ቁጥር የለኝም፤ መለኪያ ግን አለኝ። ይህ ደንበኛ ዛሬ ማታ ቢሄድ፣ ያለ እርሱ ሦስት ወር ኪራይና ደመወዝ መክፈል እችላለሁ? ከቻላችሁ ልኩ ላይ ነው። ካልቻላችሁ፣ ደንበኛው ገና ሳይሄድ ልኩን አልፏል ማለት ነው፤ ቀጣዩን የሥራ ጥረት ወደ ሌላ በር አዙሩት።

[ሙዚቃው ይወርዳል፤ ድምፅ ቀረብ ይላል]

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር። የሄደው ደንበኛ ተመልሶ ቢመጣስ? ይህ ይሆናል። ቅድም ያነሳነው ኢማጂኔሽን እንኳ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ከአፕል ጋር አዲስ የፈቃድ ስምምነት መፈራረሙን አስታውቋል። ሆቴሉ ራሱ መጋገር ቢከብደው፣ ጭሱና የምጣዱ ጣጣ ቢያታክተው፣ በስምንተኛው ወር ሊደውል ይችላል። አከፋፋያችን ያን ቀን ሦስት ሠራተኛ፣ ጠበብ ያለ ቤትና ደርዘን የሚሆኑ ሱቆች ይኖሯታል። በደስታ ትቀበለው። ግን ከአሥሩ ሦስቱን ትስጠው፣ ክፍያውን በ15 ቀን ትዋዋለው፤ የቀረውን ሲጠይቃት ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ሰልፍ የያዙትን ባለሱቆች ታሳየው።

[የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይቆያል]